ቀሃን ተከትሎ፦ ጎንደርን ከወንዟ በኩል በእግር ለማየት

ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አንጋጦ መጥቶ አንጋጦ ይሄዳል። ግንቡን አይቶ፣ ጉልላቱን ፎቶ አንሥቶ፣ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዶ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆምና ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደው መኪና ይነሣበታል። ቁልቁል የሚያይ ጥቂት ነው። ከተማዋ ግን የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል በተዘረጋ ጉብታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ማን የት እንደሰፈረ፣ የጥምቀት ታቦት ለምን ወደዚያ እንደሚወርድ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከነገሥታቱ ግቢ ወጥታ የት እንደተቀመጠች ማወቅ የሚፈልግ ሰው ውኃውን ቢከተል ይሻለዋል።

ከዚህ በታች ያለው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከጃን ተከል ተነሥተው ወደ ቀሃ ይወርዳሉ፣ መዋኛው ጋ ያርፋሉ፣ ከዚያ የምንትዋብ ቤተ ክርስቲያንና ግንብ ወዳለበት ተራራ፣ ወደ ቁስቋም ይወጣሉ። ጉልበት ከተረፈዎ በታችኛው ከተማ በኩል ይመለሳሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሣትዎ በፊት

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በጥቅምት ወንዙ ገና ውኃ አለው፣ ሸለቆው አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጠርቷል። ከየካቲት በኋላ ቀሃ ከስቶ አንዳንድ ቦታ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘሉት ጅረት ይሆናል። በክረምት መጓዝ አይከለከልም፤ አንድ ነገር ግን በራሴ ደርሶብኝ ስለተማርኩት ልናገር። በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ነበርና አቋራጭ ብዬ ድንጋይ እየረገጥኩ ቀሃን ልሻገር ገባሁ። ለካ ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ቆይቷል። መሐል ላይ ሳለሁ ውኃው ቡና መሰለ፣ ድምፁም ተለወጠ። ነፍሴን ይዤ ወጣሁ፤ የግራ እግር ጫማዬ ግን ወደ ጣና ሄደ። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም በድልድይ ካልሆነ አይሻገሩ፤ ከተማው ውስጥ አለመዝነቡ ምንም አይነግርዎትም።

ስለ ጫማ ካነሣን፣ የማያንሸራትት ግን ቶሎ የሚወልቅ ይምረጡ። ማሰሪያው ብዙ የሆነ ቡት ለቁልቁለቱ ቢመችም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያስመርራል። ነጠላ ይያዙ፤ ለሴትም ለወንድም ይጠቅማል፣ ፀሐይም ይከላከላል። ውኃ ይያዙ፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዝርዝር ብር አይርሱ። ስለ ወቅቱ ሁኔታና ስለ መንገዱ ደግሞ ያደሩበት ሆቴል ውስጥ ጠዋት ይጠይቁ፤ ከመምሸቱ በፊት ወደ ፒያሳ ለመመለስም ያቅዱ።

1. ጃን ተከል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

መነሻዎ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የጃን ተከል ዋርካ ይሁን። ጥላው ሥር ቆመው አንድ ተረት ያስታውሱ። አፄ ፋሲል ጎሽ እያሳደደ ሄዶ ከአንድ ኩሬ ዳር ደረሰ፤ እዚያም አንድ መናኝ ተገልጦ ከተማህን እዚህ ሥራ አለው ይባላል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ የነገሩ መጀመሪያ ውኃ መሆኑን ልብ ይበሉ። በታሪክ የምናውቀው ፋሲል በ1624 ዓ.ም. መንገሡንና በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻው ማድረጉን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዘዋወሩ ነበሩ፤ ለረጅም ጊዜ በአንድ ስፍራ የረጋ መናገሻ የመጣው እዚህ ነው።

የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን አሥራ ሁለት በሮች እንዳሉት ይነገራል። ስሞቻቸው ከማንኛውም አስጎብኚ ንግግር የበለጠ ይነግራሉ። እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፣ ተዝካሮ በር የሙታን መታሰቢያ፣ ወምበር በር የዳኞች ነው። እርግብ በር የሚባልም አለ።

ወደ ውስጥ ከገቡ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆዩ፤ የዛሬው ጉዳይ ከታች ነው። 32 ሜትር የሚደርሰውን የፋሲልን ግንብ ይዩ፤ ይልቁንም ጠጋ ብለው የድንጋዩን መጋጠሚያ ይዩ። ድንጋዩ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ያጣበቀው ኖራ ነው። ኖራ የማቃጠል ሙያ እዚህ የደረሰው በፋሲል አባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት በጭቃ ይገነባ ነበር። ጣትዎን መጋጠሚያው ላይ ቢያሳርፉ ነጩ ነገር ውስጥ ጥቃቅን ጠጠር ይሰማዎታል። ያንኑ ኖራ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደግመው ስለሚያገኙት መልኩን ያስታውሱት። ትኬት ሲቆርጡ ለመዋኛውም ያገለግል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሲወጡም አይጣሉት።

2. ከፒያሳ ወደ ታች

ማኪያቶ ካማረዎ አሁን ይጠጡ፤ ከዚህ በኋላ የሚያገኙት የጀበና ቡና ነው፤ እሱም አይከፋም። የፒያሳ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ጠርዛቸው ክብ የሆነውን ሰገነቶች ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ጣሊያን ሄደ፣ ፒያሳ የሚለው ስም ቀረ።

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርደውን ዋና መንገድ ይያዙ። እስከ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳይቸኩሉ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የባጃጅ ሾፌሮች ይጠሩዎታል፤ በእግር እንደሚሄዱ ሲነግሯቸው አይገባቸውም፤ አይዘኑባቸው። በዋናው መንገድ ብቻ አይሂዱ። ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ በግቢዎቹ አጥር መካከል በርበሬ ተሰጥቶ፣ ጌሾ ተዘርግቶ ያያሉ። መንገድ ከጠፋብዎ ወደ ታች ይውረዱ፤ ቀሃ የትም አይሄድም። ሰው ሲጠይቁ ደግሞ ጥምቀተ ባሕሩ የት ነው ቢሉ መዋኛው የት ነው ከሚለው ፈጥኖ ይገባል፤ አረጋውያን የሚሉት እንደዚያ ነው።

3. ወንዙ ራሱ

የወንዝ ዳር መናፈሻ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ይከፋል። በድንጋይ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ከላይ እስከ ታች የለም፤ አንዳንድ ቦታ መንገዱ የከብት ዱካ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጨርሶ ይቋረጥና ወደ ሰፈር ወጥተው እንደገና ይወርዳሉ። ቆሻሻም አለ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ከረጢት ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ያሳፍራል፣ ግን አለ። ውኃውን አይጠጡ፤ ፊትዎንም አይታጠቡበት።

ይህ ሁሉ ሆኖም ቢሆን ከቀሃ ዳር ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ጠዋት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይመጣሉ። ለዚሁ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አላቸው፤ ከእርጥበቱና ከመታሸቱ ብዛት መሐሉ እንደ ምጣድ ለስልሷል። ጋቢ ሲታጠብ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ አንዷ ወደ ቀኝ ሌላዋ ወደ ግራ ይጠመዝዙትና ውኃው እንደ ገመድ ይወርዳል። ከዚያ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል። በነጭ ጋቢና ነጠላ የተሸፈነው የወንዙ ዳር ከሩቅ ሲታይ ትልቅ በዓል ያለ ይመስላል። ካሜራ አያውጡ። መጀመሪያ ሰላም ይበሉ። እኔም አንድ ጠዋት እንዲሁ አልኩ።

«እንደምን አደሩ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነህ ልጄ?»

«ከላይ፣ ከግንቡ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይታያል ብለህ ነው?»

መልስ አላገኘሁም ነበር። ሴትዮዋ ሳቁና ጋቢውን ሌላ ጫፍ እንድይዝላቸው ሰጡኝ።

የዚህ ውኃ መንገድ ረጅም ነው። ቀሃ ከከተማዋ በታች ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ ወደ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ወደ ጣና፣ ጣና ወደ ዓባይ። ካርታ ሲያዩ አንድ ነገር እንዳያሳስትዎት፦ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ ወደ ሱዳን የሚፈሰው ትልቁ አንገረብ ሌላ ወንዝ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የሚጋሩት።

4. መዋኛው፣ ከአራት ሰዓት ገደማ

ከመግባትዎ በፊት አጥሩን ከውጭ ይዙሩ። የዋርካ ሥሮች ከአጥሩ አናት ወርደው ድንጋዩን ጣት ለጣት ይዘውታል፤ ሥሩ ቢቆረጥ ግንቡ ይወድቃል፣ ግንቡ ቢወድቅ ዛፉ ይወድቃል፣ የትኛው የትኛውን እንደያዘ ከቅርብ አይለይም። ልጆች ሥሮቹ መካከል ይቀመጣሉ። ከዚህ የተሻለ የማረፊያ ወንበር ጎንደር ውስጥ አላውቅም።

ውስጥ ሲገቡ ገንዳው ባዶ ሆኖ ካገኙት አይበሳጩ። በዓመቱ አብዛኛው ቀን ባዶ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ በቦይ ውኃ ይለቀቅበትና ቀስ እያለ ይሞላል። ሰዎች ሞልቶ ካላዩ እንዳላዩት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ለአሠራሩ ባዶው ይበልጣል ባይ ነኝ። ውኃ ሲሞላ የሚሰወረው ሁሉ ይታያልና። መሐል ላይ የቆመችው ትንሽዬ ባለ ፎቅ ግንብ በቀስት ቅርጽ በተሠሩ እግሮች ላይ መቀመጧን፣ ከዳር ወደ እርሷ የሚያሻግረው ድልድይም እንደዚያው በቀስቶች መሸከሙን፣ ወደ ታች የሚያወርዱትን ደረጃዎች ይዩ። ከዚያ ዋናውን ነገር ይፈልጉ፤ ውኃው የሚገባበትን። ከወንዙ ወገን ተነሥተው የቦዩን አቅጣጫ በዓይንዎ ይከተሉ። ከፍታና ዝቅታ አስልቶ ወንዝን ወደ ገንዳ ያስገባ ሰው ግንብ ከሠራው ሰው የሚያንስ ባለሙያ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያንን ጠጠር ያለበትን ኖራ እንደገና ያገኙታል።

ፋሲል ሰባት የድንጋይ ድልድዮች እንዳሠራ ይነገራል። ገንዳውንና ቦዩን ከዚህ ጋር አብረው ሲያስቡት፣ ሰውየው በውኃ ጉዳይ ብዙ እንደተጨነቀ ይገባዎታል።

ከአጥሩ ውጭ ብዙም ሳይርቅ ጉልላት ያላት ትንሽ ክብ ሕንፃ አለች። የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላሉ፤ ፈረሱም ዞብል ይባላል። ዘበኛው ታሪኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይነግራል፤ ይስሙት፣ አያርሙት።

ጉዞዎ ከጥምቀት ጋር ከገጠመ ይህን መመሪያ ይተዉትና ሕዝቡን ይከተሉ። ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናት ዝማሬና በወጣቶች ጭፈራ ታጅበው ወደ መዋኛው ይወርዳሉ፤ እዚያው ያድራሉ። ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ይባረካል፣ ወጣቶቹም ልብሳቸውን ጥለው ይገባሉ። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ይመለሳል። ጥቂት ምክር ብቻ፦ ማረፊያ ወራት ቀድመው ይያዙ፤ ለጥር 11 ጠዋት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ይነሡ፤ የሞባይል ስልክዎን በውስጥ ኪስ ያድርጉ፤ ለተመልካች የሚሠራው የእንጨት መቀመጫ በጣም ከተጨናነቀ አይውጡበት። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ ግንቦቹ ደግሞ ከመዋኛውና ከቁስቋም ጋር ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ይገኛሉ።

5. ወደ ቁስቋም

ከዚህ በኋላ ዳገት ነው። አቅጣጫው አሁንም ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ቁስቋም ብለው ቢጠይቁ ሕፃኑም አዋቂውም በእጁ ወደ ተራራው ይጠቁማል። እንደ ጉልበትዎ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቆም እያሉ ወደ ኋላ ይዩ፤ ከተማዋ ጀርባዋን በሁለት ሸለቆ መካከል ዘርግታ የተኛች በሬ የምትመስለው ከዚህ ነው።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። ባሏ አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሞት ልጇ ኢያሱ ሕፃን ነበር፤ ዘውድ ጭና ከልጇ ጋር አገር ገዛች። ከዋናው ግቢ ይልቅ ይህን ተራራ መርጣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አንድ ላይ አሠራች። ለምን? እዚያ ቆመው ቢያዩ ይገባዎታል። ከታች ያለው ከተማ፣ ሹሙም ሸንጎውም፣ በእጅ መዳፍ ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል፤ ጩኸቱ ግን አይደርስም። የልጅ ልጇ አፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ከተገደለ በኋላ ከዚህ አልወረደችም ማለት ይቻላል። በ1765 ዓ.ም. እስክትሞት እዚሁ ኖረች። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያስታመመው በዚህ ግቢ ነው።

ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልቀረላትም። ዛሬ የሚያዩት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ የእቴጌይቱ ግንብ ግን ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሟል። እዚህ አይቸኩሉ። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ሌሎች ምስሎች አሉ፤ ቀዩ ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ጥቁሩ ድንጋይ ያልፈቀደውን ቅርጽ ሁሉ ተቀብሏል። ጠዋት ረፋዱ ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጠርዞቹ ደምቀው ይወጣሉ፤ ቀትር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱን የምነግርዎት ስለዚህ ነው። ኖራውንም ለመጨረሻ ጊዜ ይንኩት፤ ከፋሲል ግንብ በመቶ ዓመት ገደማ ያንሳል።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የምንትዋብ፣ የኢያሱና የኢዮአስ አፅም እንዳረፈ ካህናቱ ያሳያሉ። ቁልፍ ያዡ ከሌሉ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ መምሬ ሊመጡ ነው ከተባለ ይመጣሉ፣ ግን መቼ እንደሆነ አይጠይቁ። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ከውጭ ይቁሙ። ጽዱ ሥር ያለው ጥላ ለምሳ ዳቦ ይመቻል፤ ፍርፋሪና ላስቲክ ይዘው ይውረዱ።

6. መመለሻ

የደከመው ሰው ከቁስቋም በታች ባጃጅ ያገኛል፤ ዋጋውን ከመቀመጥዎ በፊት ይጨርሱ። ያልደከመው ግን ወንዙን ወደ ታች ይከተል፤ አራዳ ገበያን አልፎ ወደ አዲስ ዓለም ይወርዳል። ከፋሲል ቀጥሎ የነገሠው አፄ ዮሐንስ በ1660ዎቹ መጀመሪያ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ሲወስን የደረሳቸው ቦታ ይህ ከጉብታው በታች ያለው ወገን ነበር፤ እስላም ቤት ይባል ነበር። ንጉሡና ካህናቱ ጉብታው ላይ፣ ነጋዴውና ሸማኔው ወንዝ ዳር። ግንቦቹ ላይ የሠሩት ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አንጥረኞችም ኑሯቸው ከዳር ነበር። ይህን ሁሉ የሚናገር ሰሌዳ አያገኙም፤ ቁልቁለቱ ራሱ ነው የሚናገረው። መንገዱ ላይ መስጊድ አለ፣ ሻይ ቤት አለ፣ ትኩስ ሳምቡሳም አለ። አርብ ቀትር ላይ ከሆነ ሶላት እስኪያልቅ መንገዱን ለሰጋጆቹ ይልቀቁ።

አንገረብስ? ለእሱ ሌላ ጠዋት ይስጡ፤ አንድ ላይ ቢያያይዟቸው ሁለቱንም ያበላሿቸዋል። አንገረብ ዛሬ ለከተማዋ ሰው ይበልጥ የሚታወቀው በግድቡ ነው፤ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ደለል እየሞላው ማስቸገሩም የየሰፈሩ ወሬ ነው። ሸለቆውን ለማየት ጥሩው ቦታ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። አብዛኛው ሰው በሩን ካለፈ በኋላ ጣሪያው ላይ ያሉትን ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ለማየት ይሮጣል፤ ደርቡሾች ሳያቃጥሏት የቀረችው የንብ መንጋ ስላባረራቸው ነው የሚለውንም ይሰማል። እርስዎ ቀደም ብለው ይድረሱና፣ ከመግባትዎ በፊት በአጥሩ ውጭ በኩል ወደ ምሥራቅ ይዙሩ። ጠዋት ጉም ከአንገረብ ሸለቆ የሚነሣው ከግርጌዎ ነው። ጫማዎን የሚያወልቁት ከዚያ በኋላ ነው።